በፍለጋ ኢንዴክስ ውስጥ ያሉ ሰነዶችን ስናድስ የሠራናቸው ስሕተቶችና የወጣንባቸው መንገዶች

ይህን የምጽፈው በጽሑፍ ፍለጋ ላይ ለሚሠሩ፣ በተለይም በአማርኛ ሰነዶች ላይ ፍለጋ ለመዘርጋት ለተነሡ ወንድሞችና እህቶች ነው። እኛን ወራት የፈጀብንን ነገር እናንተ በአንድ ምሽት ንባብ ብትጨርሱት ድካማችን ከንቱ አይሆንም።

በ2010 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ እኔና ሁለት ባልደረቦቼ የቆዩ የአማርኛ ጋዜጦችን በስካነር እያነሣ፣ ፊደላቸውን በኮምፒዩተር እያስነበበ ለተመራማሪዎች የሚያቀርብ የአንድ ማከማቻ የፍለጋ ክፍል እንድንሠራ ኃላፊነት ተሰጠን። ገጾቹ ወደ 900,000 ይጠጉ ነበር። የመረጥነው ኢላስቲክሰርች የሚባለውን፣ ሰነዶችን ኢንዴክስ በሚባል የቃላት ማውጫ መዝግቦ የሚፈልግ ሶፍትዌር ሲሆን፣ በወቅቱ ስድስተኛው እትም ገና መውጣቱ ነበር። አዲስ ሰነድ በማስገባት በኩል ብዙም አልተቸገርንም፤ ሁሉንም ገጽ በሁለት ሌሊት አስገብተን ጨርሰናል። መከራችን የጀመረው የገቡትን ሰነዶች ማደስ ስንጀምር ነው።

ሁለት ዓይነት እድሳት ነበረን። አንደኛው የአራሚዎች ሥራ ነው፤ ኮምፒዩተሩ አሳስቶ ያነበባቸውን ቃላት እያዩ ያቀናሉ። ሁለተኛው ግን እኛው ያመጣነው ነው። ብዙ የሚነበቡ ገጾች በፍለጋ ውጤት ላይ ከፍ ብለው ይታዩ ተባለና፣ ከገጹ ጽሑፍ ጋር በዚያው ሰነድ ውስጥ «የተነበበበት ብዛት» የሚል ፊልድ (የመረጃ መስክ) ጨመርን። አንድ ሰው ገጹን በከፈተ ቁጥር ፕሮግራማችን ሰነዱን ሙሉ ለሙሉ ያነባል፤ ቁጥሩ ላይ አንድ ይደምራል፤ ከዚያም ሰነዱን መልሶ ይጽፋል። ኮዱ አሥር መስመር አይሞላም ነበር፤ ስንጽፈውም አንዳችን እንኳ አልተጠራጠርነውም።

ችግሩን መጀመሪያ ያየችው ማሽኑን የምንቆጣጠርበት ሰሌዳ አይደለችም፤ ከአራሚዎቻችን በዕድሜ የገፉት እናት ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ጠረጴዛዬ መጥተው፣ «ልጄ፣ ይህን ገጽ ትናንት አርሜው ነበር እኮ፤ ዛሬም ‹ለራዊት› ይላል» አሉኝ። ኅትመቱ ደብዝዞ ስለነበር፣ ኮምፒዩተሩ «ሠራዊት» የሚለውን እንዲያ አንብቦት ነበር። እኔም «እትዬ፣ ምናልባት ሳያስቀምጡት ወጥተው ይሆናል» ብዬ መለስኩላቸው። ይህን በማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እርሳቸው አስቀምጠውት ነበር። ነገር ግን አንድ አንባቢ ያንኑ ገጽ በከፈተበት ቅጽበት ፕሮግራማችን የቆየውን ሰነድ አነበበ፤ እርሳቸው መካከል ላይ አርመው አስቀመጡ፤ ፕሮግራሙም ቁጥሩን ጨምሮ የቆየውን ጽሑፍ በእርማታቸው ላይ ጻፈበት። ስንት ሰዓት የደከሙበት እርማት በዚህ መንገድ እንደጠፋ ቆይተን ስንቆጥር ልባችን ተሰበረ። ደግነቱ ዳታቤዛችን ትክክለኛውን ጽሑፍ ይዞ ስለነበር እንደገና ማስገባት ቻልን። እባካችሁ፣ የፍለጋ ኢንዴክስን ብቸኛው የሰነድ ማስቀመጫ አታድርጉት። ምንጩ በሌላ ቦታ ይኑር፤ ኢንዴክሱ ሲበላሽ ከዚያ እንደገና ልትሠሩት ትችሉ ዘንድ።

ሁለተኛው ምልክት የዲስኩ መሙላት ነበር። ንጹሕ ይዘቱ 31 ጊጋባይት ገደማ የነበረው ኢንዴክስ በጥቂት ሳምንታት 44 ደረሰ፤ ሰርቨሩም ያለ ዕረፍት ዲስክ ላይ ይጽፋል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ውስጡን ማወቅ ያስፈልግ ነበርና፣ እኛም ሳናውቅ የዘለልነውን እዚህ ላይ ላብራራው።

ኢላስቲክሰርችም ሆነ ሶለር የሚባለው ሌላው የፍለጋ ሶፍትዌር ከሥራቸው ያለው ሉሲን የሚባለው የኮድ ቤተ መጻሕፍት (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚገለገሉበት ዝግጁ ኮድ) ነው፤ ዶግ ከቲንግ እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው ነው። ሉሲን ቃላትን ከሰነዶች ጋር የሚያገናኘውን መረጃ ሴግመንት በሚባሉ ክፍሎች ያስቀምጣል። አንድ ሴግመንት አንዴ ከተጻፈ በኋላ ይዘቱ አይነካም። በውልና ማስረጃ «ስርዝ ድልዝ የሌለበት» እንደሚባለው ሰነድ ማለት ነው፤ መካከሉ ላይ ፍቆ ማረም አይፈቀድም፤ አሮጌው ይሻራል፤ አዲስ ይጻፋል። ስለዚህ ሰነድ አደስን ስንል የሚሆነው፣ አሮጌው ሰነድ «የተሰረዘ» የሚል ምልክት ይደረግበትና አዲሱ ሰነድ ከነሙሉ ጽሑፉ እንደገና ተተንትኖ በሌላ ሴግመንት ውስጥ ይገባል። የተሰረዘው ግን ቦታውን እንደያዘ ይቆያል። ቦታው የሚለቀቀው ሉሲን ትናንሽ ሴግመንቶችን ሰብስቦ ወደ ትልቅ ሴግመንት ሲያዋሕድ ነው። እኛም እያንዳንዱ አንባቢ ገጽ በከፈተ ቁጥር፣ አንዲት ቁጥር ለመለወጥ ስንል ሙሉ የጋዜጣ ገጽ እንደገና እናስጽፍ ነበር ማለት ነው። የአማርኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የኮምፒዩተር የፊደል አመዘጋገብ አንዱ ብቻ 3 ባይት ስለሚይዝ፣ 8,000 ፊደል ያለው ገጽ 24,000 ባይት ያህል ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር ልጠቁም። ኢላስቲክሰርች የሰነዱን ከፊል ብቻ ልካችሁ የምታድሱበት መንገድ አለው። ስሙ ከፊል እድሳት ቢሆንም፣ ሰርቨሩ ውስጥ የሚሆነው ያው ነው፤ የቆየውን ሰነድ አንሥቶ፣ የላካችሁትን ቀላቅሎ፣ ሙሉውን እንደገና ይጽፋል። የሚቀንስላችሁ በኔትወርክ የሚመላለሰውን ጭነትና በማንበብና በመጻፍ መካከል ያለውን ክፍተት እንጂ የዲስኩን ሥራ አይደለም።

ይህን ሳልረዳ በፊት የሠራሁት ስሕተት ከሁሉ ይከፋል። የተሰረዙ ሰነዶች ቦታ እንደያዙ ሳይ፣ ሴግመንቶችን በግድ የሚያዋሕደውን ፎርስ መርጅ የሚባለውን ትእዛዝ አገኘሁና እያንዳንዱን ሻርድ (ኢንዴክሱ የተከፋፈለበትን ክፍል) ወደ አንድ ሴግመንት አዋሐድኩት። ኢንዴክሱ ወዲያው ከ44 ወደ 31 ጊጋባይት ወረደ። በዚያ ዕለት ችግሩን የፈታሁ መስሎኝ በደስታ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ነገር ግን ሉሲን በተለመደው አሠራሩ ሲያዋሕድ ከ5 ጊጋባይት የሚበልጥ ሴግመንት አይፈጥርም። እኔ በጉልበት የፈጠርኳቸው አምስት ሴግመንቶች ግን እያንዳንዳቸው ከ6 ጊጋባይት በላይ ነበሩ። እኛ በምንጠቀምበት እትም እንዲህ ያለ ግዙፍ ሴግመንት አብዛኛው ይዘቱ እስኪሰረዝ ድረስ ለውሕደት አይመረጥም ነበር፤ በውስጡ የሚሰረዙት ሰነዶችም እዚያው ተቀብረው ይቀራሉ። የኋላ እትሞች ይህን ጠባይ አሻሽለውታል፤ ሆኖም መመሪያው አልተለወጠም፤ ፎርስ መርጅ ከእንግዲህ የማይጻፍበት ኢንዴክስ ላይ ብቻ የሚሠራ ነገር ነው። በየቀኑ የሚታደስ ኢንዴክስ ላይ አትንኩት።

ከሰባት ሳምንት በኋላ በአንድ ሌሊት ስልኬ ጮኸ። አራሚዎች የሠሩት እርማት ኢንዴክሱ ውስጥ መግባት አቁሟል። የዲስኩ ይዞታ 95 በመቶ ደርሶ ስለነበር፣ ኢላስቲክሰርች ራሱን ለመከላከል ኢንዴክሱን ለንባብና ለመሰረዝ ብቻ እንዲሆን ቆልፎታል። የሕያዋኑን ሰነዶችና የተሰረዙትን ብዛት ጎን ለጎን አድርጌ ስመለከት ያየሁትን አልረሳውም፤ 900,000 ሕያው ሰነድ፣ 780,000 ገደማ የተሰረዘ። ከኢንዴክሱ ግማሽ የሚጠጋው ሬሳ ነበር። አሮጌ የሎግ ፋይሎችን አጥፍተን፣ ዲስክ አስጨምረን ቦታ አገኘን፤ ሆኖም ቁልፉ በራሱ አልተከፈተም። በእኛ እትም ቁልፉን በትእዛዝ ማንሣት ግድ ነበር፤ ከ7.4 እትም ወዲህ ዲስኩ ሲለቅ በራሱ ይነሣል። ይህን ሳናውቅ «ቦታ አለ፤ ለምን አይጽፍም?» እያልን እስከ ንጋት ደከምን።

በማግሥቱ ቁጭ ብለን ማን ምን ያህል እንደሚጽፍ ቆጠርን። ያገኘነው አስደነገጠን። ገጾቹን የሚከፍቱት በአብዛኛው ሰዎች አልነበሩም። የኢንተርኔት የፍለጋ ሞተሮች ሮቦቶች ማከማቻውን ገጽ በገጽ እየዞሩ ያነቡ ነበርና፣ እኛም ለእያንዳንዱ ጉብኝታቸው ሙሉ የጋዜጣ ገጽ እንደገና እናስጽፍ ኖሯል። ሌላም ተገኘ። አራሚዎች በዕለቱ የነኩትን የጋዜጣ ዓመት በሙሉ ሌሊት ሌሊት መልሶ የሚልክ ስክሪፕት ነበረን፤ ሦስት ገጽ ብቻ የታረመ ቢሆን እንኳ የዓመቱ ገጾች ሁሉ ይታደሳሉ። ኢላስቲክሰርች በከፊል እድሳት መንገድ የተላከለት ነገር ካለው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ሳይጽፍ «ምንም አልተለወጠም» ብሎ ይመልሳል። እኛ ግን «መጨረሻ የተላከበት ሰዓት» የሚል ፊልድ በእያንዳንዱ ሰነድ ላይ ጨምረን ስለነበር፣ ጽሑፉ ባይለወጥም ሰዓቱ ሁልጊዜ ይለያል፤ ስለዚህ ይህ ጥበቃ አንድም ቀን ሠርቶልን አያውቅም። ሰነዶቻችሁን አሁኑኑ ተመልከቱ፤ እንዲህ ያለ ለማንም የማይጠቅም ሰዓት ካለ አውጡት።

መፍትሔውን የጀመርነው ከቁጥሩ ነው፤ ከተማርነው ሁሉ ደግሞ እኔ ከፍ አድርጌ የምመለከተው ይህንኑ ነው። የተነበበበትን ብዛት የምንጠቀምበት ውጤት ለመደርደር ብቻ ነበር፤ ለድርደራውም የምንወስደው የቁጥሩን ሎጋሪዝም ነበር። በሎጋሪዝም ሲታይ 1,000 ጊዜ የተነበበና 1,001 ጊዜ የተነበበ ገጽ አይለያዩም። ታዲያ ያቺን አንዲት ልዩነት ለምን እንጽፋለን? ትክክለኛውን ቁጥር ወደ ዳታቤዙ አዛወርነው፤ አንባቢው ገጹ ላይ የሚያየውም ከዚያ የሚመጣውን ነው። ኢንዴክሱ ውስጥ የቀረው ደረጃው ብቻ ነው፤ ቁጥሩ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያለ እጥፍ በሆነ ቁጥር ደረጃው በአንድ ይጨምራል። ቀድሞ 1,000 ጊዜ የተነበበ ገጽ 1,000 ጊዜ እንደገና ይጻፍ ነበር፤ አሁን ከ10 ጊዜ አይበልጥም። ሮቦቶቹንም ከቆጠራው አስወጣናቸው። የኢንዴክሱ የጽሑፍ ጫና በዚያው ሳምንት ሲወርድ በዓይናችን አየነው። ስለዚህ እድሳቱን ለማፋጠን ከመድከማችሁ በፊት፣ እድሳቱ በእርግጥ የሚያስፈልግ መሆኑን ጠይቁ።

ሶለር ለምትጠቀሙ ወገኖች ሌላ በር አለ። ከ6.5 እትም ጀምሮ ሶለር፣ ለቃል ፍለጋ ያልተመዘገበና ለብቻው ያልተከማቸ፣ በዶክ ቫልዩስ (ለድርደራ በሚያገለግል የእሴቶች መዝገብ) ብቻ የተቀመጠ ባለ አንድ እሴት የቁጥር ፊልድን ሙሉ ሰነዱን ሳይነካ በቦታው ማደስ ይችላል። ኢላስቲክሰርች ይህን ችሎታ ለተጠቃሚ አልከፈተውም።

ቀጥሎ የእትዬን እርማት ያጠፋውን ክፍተት ዘጋን። ለእያንዳንዱ ገጽ በዳታቤዙ ውስጥ የእርማት ተራ ቁጥር ሰጠን፤ ገጹ በተለወጠ ቁጥር ተራ ቁጥሩ ያድጋል። ሰነዱን ስንልክ ይህን ቁጥር የውጭ ቨርዥን አድርገን አብረን እንልካለን። ኢላስቲክሰርችም ካለው ቁጥር የማይበልጥ ይዞ የሚመጣውን አይቀበልም፤ በመንገድ የዘገየ አሮጌ መልእክት አዲሱን እርማት ሊያጠፋው አይችልም ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የውጭ ቨርዥንን ከከፊል እድሳት ጋር አትቀላቅሉ። ከፊል እድሳት ቨርዥኑን በራሱ ቆጠራ ስለሚያሳድገው፣ ነገ ከዳታቤዝ የሚመጣው ትክክለኛ ቁጥር አንሶ ይገኝና እርማታችሁ ይጣላል። እኛ ሙሉ ሰነዱን ሁልጊዜ ከዳታቤዝ መላክን መረጥን፤ ያልተለወጠውን ላለመላክም የይዘቱን አሻራ (ከጽሑፉ የሚሰላ አጭር መለያ) በእኛ በኩል እናወዳድራለን። ወደ ኢንዴክሳችሁ የሚጽፈው አንድ ፕሮግራም ብቻ ከሆነና ሰነዶቹም አጫጭር ከሆኑ ግን ከፊል እድሳቱ ቀላል ነውና እርሱን ብትይዙ አትጎዱም።

ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ መላኩን አቆምን። የተለወጡ ገጾች ወደ አንድ ወረፋ ይገባሉ፤ በየ30 ሰከንዱ ይሰበሰባሉ፤ አንድ ገጽ በዚያ ጊዜ ውስጥ አምስት ጊዜ ቢታረም የመጨረሻው ብቻ ይላካል። በባልክ፣ ማለትም ብዙ ሰነድ በአንድ ጥቅል፣ ስትልኩ የጥቅሉን መጠን በሰነድ ብዛት ሳይሆን በባይት ለኩ፤ ለእኛ ከ5 እስከ 15 ሜጋባይት ያለው ተስማምቶናል። የሚመለሰውን መልስ ደግሞ እስከ ውስጡ አንብቡት። ባልክ ከጥቅሉ ውስጥ የተወሰኑት ቢወድቁም እንኳ በጥቅሉ «ተሳክቷል» የሚል የኤችቲቲፒ ኮድ 200 ይመልሳል፤ የወደቁት የሚታወቁት በየሰነዱ የተሰጠውን ውጤት ስታዩ ብቻ ነው። እኛ ይህን ባለማየታችን ጥቂት ገጾች ሳይገቡ ቀርተው ለሳምንታት ሳናውቅ ኖረናል።

የሪፍሬሽ፣ ማለትም አዲስ የተጻፈው በፍለጋ እንዲታይ የማድረግ፣ ነገርም ነበረ። አራሚዎች ያረሙትን ወዲያው እንዲያዩ ብለን ከእያንዳንዱ ጽሑፍ በኋላ ኢንዴክሱን በግድ ሪፍሬሽ እናስደርግ ነበር፤ ይህም ጥቃቅን ሴግመንቶችን እንደ አሸን ያፈላል። ሪፍሬሽ ሲተዉት በየሰከንዱ በራሱ የሚሆን ነገር ነው። ከአራሚው ገጽ የሚመጣውን ጥያቄ ቀጣዩን ሪፍሬሽ ጠብቆ እንዲመለስ አደረግነው፤ እትዬ አንድ ሰከንድ ያህል ይጠብቃሉ፤ ያረሙትንም ያያሉ።

የመጨረሻው ፈተና ከፊደላችን የመጣ ነው። አንባቢ «ሰራዊት» ብሎ ሲፈልግ «ሠራዊት» ተብሎ የታተመው አይገኝለትም ነበር። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ እንደ አንድ እንዲቆጠሩ የሚያደርግ ማጣሪያ ለመጨመር ወሰንን። ኢንዴክሱን ዘግቼ፣ ማጣሪያውን ጽሑፉን ወደሚፈለጉ ቃላት በሚተነትነው አናላይዘር ላይ ጨምሬ ከፈትኩት። ውጤቱ ከቀድሞው ባሰ። ማጣሪያው የሚሠራው ከዚያ በኋላ በሚገቡ ሰነዶችና በፈላጊው ቃል ላይ እንጂ ቀድሞ በተጻፉት ሴግመንቶች ላይ አይደለም። አንባቢው «ሠራዊት» ብሎ በትክክል ቢጽፍ እንኳ ቃሉ ወደ «ሰራዊት» ተለውጦ ይፈለጋል፤ አሮጌዎቹ ሰነዶች ግን በሠ እንደተመዘገቡ ናቸው። ቀድሞ ይገኙ የነበሩ ገጾች ጭራሽ ጠፉ። አናላይዘር ሲለወጥ ሁሉም ሰነድ እንደገና መግባት አለበት፤ አቋራጭ የለውም።

በዚህ ጊዜ ግን ሥራውን በሥርዓቱ ሠራነው። ማጣሪያው ያለበት አዲስ ኢንዴክስ በአዲስ ስም ከፈትን። ለማስገቢያው ጊዜ ሪፍሬሹን አጠፋን፤ ለመጠባበቂያ የሚያዘውን የኢንዴክሱን ቅጂ ብዛትም ዜሮ አደረግን። አዲስ የሚመጡ እርማቶች ወደ ሁለቱም ኢንዴክስ እንዲጻፉ ካደረግን በኋላ አሮጌዎቹን ከዳታቤዝ ማስገባት ጀመርን። ቀድሞ የዘረጋነው የእርማት ተራ ቁጥር እዚህ ላይ ካሰን፤ ዛሬ የታረመ ገጽ ቀድሞ ከገባ፣ ኋላ የሚደርሰው አሮጌ ቅጂ አይሽረውም። ሁሉም ሲያልቅ ሪፍሬሹንና ቅጂውን መለስን፤ የሰነዶቹን ብዛት አመሳከርን፤ ከዚያም ፕሮግራማችን የሚጠራውን ተለዋጭ ስም፣ አሊያስ የሚባለውን፣ ከአሮጌው አንሥተን ወደ አዲሱ በአንድ ትእዛዝ አዛወርነው። ፈላጊዎች ለአንዲት ሰከንድ እንኳ አልተቋረጡም። ፕሮግራማችሁ ኢንዴክሱን በእውነተኛ ስሙ ሳይሆን በአሊያስ እንዲጠራው ከመጀመሪያው ቀን አድርጉ፤ እኛ ዘግይተን ስለጨመርነው፣ ከዚህ ዝውውር በፊት አንድ ሙሉ ሌሊት አገልግሎት ማቋረጥ ግድ ሆኖብናል።

አሮጌውን ኢንዴክስ አንድ ሳምንት አቆይተን ሰረዝነው። ኢንዴክስ ሲሰረዝ ፋይሎቹ በሙሉ ስለሚጠፉ ዲስኩ ወዲያው ይለቃል፤ እኔ በጉልበት የፈጠርኳቸው ግዙፍ ሴግመንቶችም አብረው ሄዱ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሰኞ ሰኞ ጠዋት የሕያዋኑንና የተሰረዙትን ሰነዶች ብዛት ጎን ለጎን አያለሁ፤ የተሰረዙት ከሕያዋኑ ሲሶ ካለፉ ማን እንደሚጽፍ እፈልጋለሁ።

እትዬን በዚያው ሳምንት ጠረጴዛቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው «ሰራዊት» ብለው ጻፉ፤ በሠ የታተመው ያ ገጽ ከእርማታቸው ጋር መጀመሪያ ላይ ወጣ።